የሞንታና ጎተራ፣ የኬንታኪ መሶብ

አንድ ቶን ድንጋይ ከሰል ከመሬት የሚወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰሊጥ ላይ የተጣለ ግብር ክረምት እስከገባ ድረስ በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ ዘንድሮ የታጨደው ማሳ ከርሞም ይዘራል። የከሰል ጉድጓድ ግን ከርሞ አያሸትም። ስለዚህ ከሰል የሚቆፈርባቸው የአሜሪካ ግዛቶች ከማዕድኑ የሚሰበስቡት ግብር መዝገብ ላይ "ገቢ" ተብሎ ቢጻፍም፣ ጠባዩ የእርሻ በሬ ሸጦ የተገኘ ብር ነው። ብሩ እጅ ላይ አለ፣ በሬው የለም። ግዛቶቹ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ያደረጉትን ሳይ፣ አንዳንዶቹ በበሬው ብር ጊደር ገዝተዋል፣ አንዳንዶቹ ደግሰውበታል።

ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ የሚያተኩረው የግብሩ ምጣኔ ላይ ነው፤ 4.5 በመቶ ይሁን ወይስ 30? በእኔ እይታ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንደኛው ጥያቄ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ማን፣ በስንት ድምፅ፣ ምን ያህሉን ማውጣት ይችላል የሚለው ነው። ሞንታናና ኬንታኪ ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ የተራራቀ ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብዙ ያስተምራል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ግብሩ ዓይነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ሦስት ነገሮችን ይደበላልቃል። በኢትዮጵያ የማዕድን ሕግ የምናውቀው ሮያሊቲ ባለ ሀብቱ ከማዕድኑ የሚያገኘው ድርሻ ነው። በአሜሪካ የከርሰ ምድሩ ባለቤት የፌዴራል መንግሥት፣ ግዛቱ፣ የአገሬው ተወላጆች ጎሳ ወይም ተራ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፤ ሮያሊቲው ለባለቤቱ ይሄዳል። በፌዴራል መሬት ላይ የላዩን አፈር ገላልጦ ለሚወጣ ከሰል እስከ 2025 ድረስ 12.5 በመቶ ይከፈል ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ማዕድኑ ለሚገኝበት ግዛት ይመለሳል። እዚህ የምንነጋገርበት ግን የማውጫ ግብር ነው። ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ከሰሉ ከመሬት ሲለይ ግዛቱ በመንግሥትነቱ የሚጥለው ግብር ነው። ሦስተኛው ካውንቲው፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር፣ የሚሰበስበው የንብረት ግብር ሲሆን ሞንታና ውስጥ የዚህ ምትክ ከጠቅላላ ሽያጩ ላይ የሚታሰብ 5 በመቶ ነው። አንድ ቶን ከሰል ሦስቱንም ሊከፍል ይችላል።

ኬንታኪ የማውጫ ግብሩን በ1972 በ4 በመቶ ጀመረች፤ በ1976 ወደ 4.5 በመቶ አሳደገችው። ዋጋ የቱንም ያህል ቢወርድ ከቶን ከ50 ሳንቲም በታች አይከፈልም። ሞንታና በ1975 ለገላልጦ ማውጣት እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጣለች። በጊዜው በአገሪቱ ከፍተኛው ነበር።

ምጣኔው ብቻውን የሚያሳስት መሆኑን በምሳሌ እንየው። በሞንታናና በዋዮሚንግ በተዘረጋው የፓውደር ሪቨር ተፋሰስ ያለው ከሰል ሙቀቱ አነስተኛ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ የኬንታኪው ተራራ ከሰል ግን ሙቀቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ውድ ነው። ለስሌት ያህል የመጀመሪያውን በቶን 15 ዶላር፣ ሁለተኛውን 60 ዶላር እንበል። ዛሬ ባለው የሞንታና 15 በመቶ ከቶኑ 2.25 ዶላር ይገኛል። በኬንታኪ 4.5 በመቶ ደግሞ 2.70 ዶላር። "ዝቅተኛ ግብር" የተባለው ግዛት ከቶን የሚያገኘው ይበልጣል። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ፦ ሞንታና ግብሩን የምታሰላው በማዕድኑ በር ላይ ባለው የውል ዋጋ ነው፤ ሻጩ ለምርት ግብሮች ብሎ ከገዢው የሚያስከፍለው ገንዘብ ከዋጋው ይቀነሳል። ግብር በግብር ላይ አይታሰብም። የባቡር ማጓጓዣም አይገባበትም። ይህን ሳያዩ የሁለት ግዛቶችን ምጣኔ ማወዳደር የአንዱን በሬ ከነቆዳው፣ የሌላውን ተገፎ መመዘን ነው።

ከፋዩ ማን ነው?

የሞንታና ከሰል በወቅቱ 90 በመቶ የሚሆነው ወደ ሌሎች ግዛቶች ይጫን ነበር። ውሉ የረጅም ጊዜ ስለነበርና ግብር በሻጩ ሳይሆን በገዢው እንዲሸፈን ስለሚያዝ፣ 30 በመቶው በመጨረሻ የሚያርፈው የሩቅ ከተማ የመብራት ደንበኛ ላይ ነው። የቺካጎው ኮመንዌልዝ ኤዲሰንና ሌሎች ከሳሾች "ይህ በግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ ያፍናል" ብለው ተከራከሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 በ6 ለ3 ድምፅ ግብሩ ሕጋዊ ነው አለ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ነበሩ። ፍሬ ነገሩ ግብሩ ለሞንታናም ለውጭም ገዢ እኩል ነው፣ ምጣኔው በዛ ወይስ አነሰ የሚለው ደግሞ የፍርድ ቤት ሳይሆን የሕግ አውጪዎች ጉዳይ ነው የሚል ነው።

ፍርድ ቤት የፈቀደውን ገበያ ሊከለክል ይችላል። ውሎቹ ሲያልቁ ገዢዎች ወደ ጎረቤት ዋዮሚንግ ዞር ማለት ጀመሩ። የሞንታና ምክር ቤት በ1987 ምጣኔውን ደረጃ በደረጃ ወደ 15 በመቶ እንዲወርድ ወሰነ፤ በ1991 እዚያ ደረሰ። በ2008 ዋዮሚንግ ወደ 468 ሚሊዮን ቶን ስታወጣ ሞንታና ከ45 ሚሊዮን አልዘለለችም። ልዩነቱን በሙሉ በግብር ማመካኘት የማዕድን ኩባንያዎች የሚወዱት ተረት ነው። የዋዮሚንግ የከሰል ንጣፍ ወፍራም ነው፣ ከላዩ የሚገፈፈው አፈር ቀጭን ነው፣ የባቡር መስመሩም የተሻለ ነው። ያም ሆኖ ግብር ተጽዕኖ የለውም ማለትም አይቻልም።

ቁልፉ

የሞንታና እውነተኛ ብልሃት በ1976 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። እስከ 1979 መጨረሻ ከግብሩ ቢያንስ ሩቡ፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ግማሹ ወደ አደራ ፈንድ ይገባል። ዋናው ገንዘብ የሚነካው በሁለቱም ምክር ቤቶች የሦስት አራተኛ ድምፅ ሲገኝ ብቻ ነው። ቁጥሩን ዘርዝረን ስናየው ክብደቱ ይገባናል። የተወካዮች ምክር ቤቱ 100 መቀመጫ አለው፣ ሴኔቱ 50። ለመንካት 75 ተወካይና 38 ሴናተር ያስፈልጋል። በሌላ አነጋገር 13 ሴናተሮች እምቢ ካሉ ጎተራው አይከፈትም። በጀት በጎደለ ቁጥር ዓይን የማይጥልበት አገረ ገዢ የለም፤ አሥራ ሦስት ግትር ሰው ግን ከየትም አይጠፋም።

ከዚህ ቁልፍ ውጭ የሆነው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ያው ግዛት ያሳየናል። ወደ አደራ ፈንዱ ከማይገባው ግማሽ ላይ ተቀንሶ ለባህልና ለሥነ ጥበብ የሚጠራቀም ሌላ ፈንድ ነበር፤ ዛሬ ድርሻው ከግብሩ 0.63 በመቶ ነው። በ1997 ምክር ቤቱ ቨርጂኒያ ሲቲ የተባለችውን ታሪካዊ የወርቅ ከተማ ለመግዛት ሲፈልግ ከዚህ ፈንድ 3.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣ። ግዢው ክፉ አልነበረም፤ ከተማዋ ዛሬም ጎብኚ ይመጣላታል። ነገር ግን ለጥበብ ሥራ የሚሰጠው ድጎማ ወዲያው ተመናመነ፤ ገንዘቡን መልሶ ለመተካትም ዓመታት ወሰደ። ሕገ መንግሥት የቆለፈው ቀረ፣ ተራ ሕግ የቆለፈው ተከፈተ።

የአደራ ፈንዱ ውስጡ አንድ ቋት አይደለም፤ በክፍል በክፍል የተለየ ነው። የሚገባው ገንዘብ በመጀመሪያ የቦንድ ዋስትና በሚባለው ክፍል ያልፋል። ግዛቱ ለውኃ ሥራ የሚሸጠው ቦንድ በዚህ ገንዘብ ስለሚደገፍ ዝቅተኛ ወለድ ያስከፍላል። ከዚያ የተረፈው ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይከፋፈላል፤ ለመሠረተ ልማት፣ ለክልላዊ የውኃ መስመሮች፣ ለኢኮኖሚ ልማት፣ የቀረው ለቋሚው ፈንድ። የእያንዳንዱ ክፍል ወለድ የራሱ ሥራ አለው። ጠቅላላው ዛሬ 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ በጣም የምወደው፣ ማንም ሪባን የማይቆርጥበትን ማለትም የመጠጥ ውኃ፣ የፍሳሽ፣ የደረቅ ቆሻሻና የድልድይ ሥራን የሚደግፈውን ነው። በ1992 በሕዝበ ውሳኔ ተቋቋመ፤ በ2021 ስሙ ተቀይሮ የሞንታና ከሰል ፈንድ መርሐ ግብር ተባለ። የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ለፍሳሽ ማጣሪያ ገንዘብ ስትጠይቅ "ድሆች ነን" ማለት አይበቃትም። የነዋሪው የውኃና የፍሳሽ ወርሃዊ ክፍያ ከመካከለኛው የቤተሰብ ገቢ ጋር ይነጻጸራል። መለኪያው ለውኃ 1.4 በመቶ፣ ለፍሳሽ 0.9 በመቶ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 2.3 በመቶ ነው። ፕሮጀክቱ ተሠርቶ የነዋሪው ክፍያ መለኪያው ላይ ከደረሰ ከተማዋ እስከ 500,000 ዶላር፣ ከመለኪያው 125 በመቶ ካለፈ እስከ 625,000፣ 150 በመቶ ካለፈ እስከ 750,000 ዶላር ልትጠይቅ ትችላለች። የጠየቀችውን ያህል ከሌላ ምንጭ ማምጣትም አለባት፤ ዶላር በዶላር።

የዓመት ገቢው መካከለኛ የሆነ ቤተሰብ 48,000 ዶላር የሚያገኝባትን ከተማ እንውሰድ። 2.3 በመቶው በዓመት 1,104 ዶላር፣ በወር 92 ዶላር ነው። ዛሬ ነዋሪው 55 ዶላር እየከፈለ ከሆነና ከንቲባው ለሃያ ዓመት የውኃ ዋጋ ሳይጨምር በዚያ የተመረጠ ከሆነ፣ ማመልከቻው ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ መጀመሪያ የራሳችሁን ድርሻ ለምን አልሸፈናችሁም? ብዙ ትንንሽ ከተሞች የሚወድቁት እዚህ ነው። ሌላው መሰናክል የመሐንዲስ ጥናት ነው። የቅድመ ንድፍ ሪፖርት የሌለው ማመልከቻ ደረጃ አይሰጠውም፤ ሪፖርቱ ራሱ ደግሞ በአሥር ሺዎች ዶላር ያስወጣል። ስለዚህ ለጥናቱ ብቻ የሚሰጥ ትንሽ ድጎማ አለ። ይህች ትንሽ ገንዘብ የምትመልሰው ትልቁን ችግር ነው፤ መሐንዲስ መቅጠር የማትችል ከተማ ከመጀመሪያው ሰልፉ ውስጥ አትገባምና። የሞንታና ምክር ቤት የሚሰበሰበው በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ዓመታት፣ ለ90 ቀናት ብቻ ነው። የመግቢያ ቀን ያመለጣት ከተማ ሌላ ሁለት ዓመት ትጠብቃለች፤ የብረትና የቧንቧ ዋጋ ግን አይጠብቃትም።

ሥራ ለመፍጠር የተመደበው ክፍል በ2005 የተቋቋመው ቢግ ስካይ የኢኮኖሚ ልማት ፈንድ ነው። ከወለዱ 75 በመቶው ለሥራ ፈጠራ፣ 25 በመቶው ለዕቅድና ለአዋጭነት ጥናት ይውላል። ኩባንያው በቀጥታ አያመለክትም፤ ካውንቲው፣ ከተማው ወይም የጎሳው አስተዳደር በስሙ ያመለክትለታል። ለእያንዳንዱ አዲስ የሥራ ቦታ እስከ 5,000 ዶላር፣ ድህነት በበረታባቸው ካውንቲዎች እስከ 7,500 ዶላር ይታሰባል። ስለዚህ 20 ሠራተኛ እቀጥራለሁ ያለ ድርጅት ጣሪያው 100,000 ወይም 150,000 ዶላር ነው። ገንዘቡ በቅድሚያ አይሰጥም፤ ድርጅቱ ማሽኑን ይገዛል፣ ሠራተኛውን ይቀጥራል፣ የደመወዝ መዝገቡን ያቀርባል፣ ከዚያ ይመለስለታል።

ይህ "መጀመሪያ ቅጠር፣ ከዚያ ጠይቅ" የሚለው አሠራር የመንግሥትን ገንዘብ ያድናል፤ በዚያው ልክ ጥሬ ገንዘብ የሌለውን ጀማሪ ያስወጣል። በቂ ገንዘብ ያለው ኩባንያ ግን ያለ ድጎማውም ይቀጥር ነበር። በዚህ ዓይነት መርሐ ግብር ሁሉ ውስጥ የተቀበረው ፈንጂ ይኸው ነው፤ ድጎማው ሥራ ፈጠረ ወይስ ሊፈጠር የነበረን ሥራ ደጎመ? ደመወዝ መዝገብ ስንት ሰው እንደተቀጠረ ያሳያል፣ ለምን እንደተቀጠረ አያሳይም።

ከአደራ ፈንዱ ዋናው ገንዘብ ላይም በሞንታና ውስጥ ኢንቨስት የሚደረግ ድርሻ አለ፤ በ1982 ሕዝቡ 25 በመቶው በግዛቱ ኢኮኖሚ ላይ እንዲውል መርጧል። ይህ ድጎማ አይደለም፣ ብድር ነው፤ ወጥቶ ይመለሳል። ዘዴው ከባንክ ጋር ተጣምሮ መሥራት ነው። ባንኩ ተበዳሪውን መርምሮ ያበድራል፤ የግዛቱ የኢንቨስትመንት ቦርድ ከብድሩ ላይ ድርሻ ይገዛል። ባንኩ የራሱን ድርሻ ይዞ ስለሚቆይ ለመጥፎ ብድር በሩን አይከፍትም። ለመሠረተ ልማት በሚሰጠው ብድር ደግሞ ጣሪያው በሥራ ቦታ ይሰላል፤ በአንድ ሥራ 16,666 ዶላር፣ ቢያንስ 15 ሥራ። ሁለቱን ማባዛት ትንሹን ብድር 250,000 ዶላር ገደማ ያደርሰዋል። መንገዱን ወይም የውኃ መስመሩን የሚሠራው የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ኩባንያው ክፍያ እየከፈለ ይጠቀማል።

ጎተራውም ነቀዝ አለበት። የሞንታና ሕገ መንግሥት ከጡረታና ከጥቂት ፈንዶች በቀር የሕዝብ ገንዘብ በግል ኩባንያ አክሲዮን ላይ እንዳይውል ይከለክላል። ስለዚህ የከሰሉ ፈንድ በዋነኛነት ቦንድ ነው የሚይዘው። ወለድ በአገሪቱ ሲወርድ የከተሞቹ የፍሳሽ ድጎማም አብሮ ወረደ፤ ከሰል ስለጠፋ ሳይሆን የቦንድ ገበያ ስለቀዘቀዘ። ሁለተኛው ነቀዝ የዋጋ ንረት ነው። ወለዱ በሙሉ ወጥቶ ዋናው በቁጥር ብቻ እንዳለ ከቆየ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የገባው መቶ ዶላር ዛሬም መቶ ዶላር ነው፤ የሚገዛው ቧንቧ ግን ግማሽ ነው። እስካሁን ይህን የሸፈነው አዲስ የሚገባው ግብር ነበር። ስሌቱ ቀላልና መራራ ነው። በ15 ዶላር ከሰል ከቶን ወደ አደራ ፈንዱ የሚገባው 1.125 ዶላር ነው። በ4 በመቶ ወለድ በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ለማግኘት 25 ሚሊዮን ዶላር ጥሪት ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ከ22 ሚሊዮን ቶን በላይ ከሰል። አንድ ትልቅ ጉድጓድ ለዓመታት ተቆፍሮ በዓመት አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ያስገነባል፤ ለዘለዓለም ግን።

ዋዮሚንግ በዚህ ረገድ ብልጥ ሆናለች። በ1974 በሕገ መንግሥት ያቋቋመችው የማዕድን አደራ ፈንድ አክሲዮንም ይይዛል፤ የሚወጣውም የዓመቱ ትርፍ ሳይሆን ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዋጋ 5 በመቶ እንዲሆን ደንብ አለው። ስለዚህ ጥሩ ዓመት አያሰክራትም፣ መጥፎ ዓመት አያስርባትም። ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ በ2014 "የወደፊት ፈንድ" የሚል ሕግ አወጣች፤ ገንዘብ የሚገባበትን ቅድመ ሁኔታ ግን ከማጥበቋ የተነሳ ፈንዱ ለዓመታት ባዶ ስም ሆኖ ቆየ።

መሶቡ

ኬንታኪ ጎተራ አልሠራችም። ከማውጫ ግብሩ ለከሰል ካውንቲዎች የሚመለሰው ድርሻ በጊዜ ሂደት አድጎ 50 በመቶ ደረሰ፤ 15 በመቶው ለአካባቢ አስተዳደር እርዳታ፣ 35 በመቶው ለአካባቢ ኢኮኖሚ ልማት ፈንድ። ቀሪው ግማሽ ወደ ግዛቱ አጠቃላይ በጀት ገብቶ ከሌላው ገንዘብ ጋር ይቀላቀል ነበር። የእርዳታው ገንዘብ 30 በመቶ ከሰል ጫኝ መኪኖች ለሚያፈርሷቸው መንገዶች እንዲውል ሕጉ ያዛል። ይህ ፍትሐዊ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ከሰሉ ከከፈለው ግብር ላይ ከሰሉ ያበላሸው መንገድ ይጠገናል። ልማት የሚባለው ከዚያ የተረፈው ነው።

የልማት ፈንዱ በ1992 ሲቋቋም ሐሳቡ ጥሩ ነበር። የካውንቲው ድርሻ በስሙ ይቀመጣል፤ ካውንቲው ፋብሪካ የሚስብ ፕሮጀክት ይዞ ሲመጣ ይለቀቅለታል። ሲሶው ደግሞ ብዙ ካውንቲዎች በጋራ ለሚሠሩት ተለየ። በወረቀት ላይ የኢንዱስትሪ መንደር ማለት ይህ ነው። በምሥራቅ ኬንታኪ ግን ሜዳ የለም፤ ሸለቆው ጠባብ ነው፣ ወንዙ ይሞላል። ሜዳ የሚገኘው ከሰል ለማውጣት ጫፉ የተቆረጠ ተራራ ላይ ነው። እዚያ ብዙ የኢንዱስትሪ መንደር ተሠራ፤ ብዙውም ተከራይ ሳያገኝ ሣር በቀለበት።

ምክንያቱ የፖለቲካ ብቻ ሳይሆን የአፈርም ነው። ተራራው ሲቆረጥ የተፈነዳው ድንጋይና አፈር ወደ ሸለቆ ይገለበጣል ወይም ተመልሶ ይሞላል። ሙሌቱ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት አለው፤ ትልልቅ ድንጋይና ልል አፈር ስለተደባለቀበት በመካከሉ ባዶ ቦታ ይቀራል። ውኃ ሲገባበት ይረግባል፤ ለዓመታት ይሰምጣል፣ ያውም በአንድ ወገን ብዙ፣ በሌላው ጥቂት። የአንድ ፋብሪካ ወለል ሰፊና የተያያዘ ስለሆነ የሚሰነጠቀው በዚህ ልዩነት ነው። በማርቲን ካውንቲ በቀድሞ ማዕድን ቦታ ላይ የተገነባው የቢግ ሳንዲ ፌዴራል እስር ቤት ገና ሲሠራ መስመጥ ጀምሮ ለማስተካከያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተጨማሪ ዶላር በልቷል፤ የአካባቢው ሰው ዝነኛውን የኒው ዮርክ ሲንግ ሲንግ እስር ቤት አስታውሶ "ሲንክ ሲንክ" ብሎ ቀለደበት፤ "ሲንክ" በእንግሊዝኛ መስመጥ ማለት ነውና። የፌዴራል መንግሥት ያንን ወጪ ይችላል። አሥራ አምስት ሰው የሚቀጥር የእንጨት ፋብሪካ አይችልም። አፈሩን መጠቅጠቅ ይቻላል፤ ከባድ ብረት ከከፍታ እየለቀቁ፣ ወይም ለጊዜው ጭነት እየከመሩ። ግን ይህ ወጪ መንደሩ ሲመረቅ በጀት ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በላይ ውኃ ወደ ተራራ መግፋት የፓምፕ መብራት ይበላል፣ ፍሳሹ የራሱ ማጣሪያ ይፈልጋል፣ ዋናው አውራ ጎዳና ሩቅ ነው።

ካውንቲዎቹ ፋብሪካ አልመጣ ሲላቸው ገንዘቡ ወደሚታይ ነገር ዞረ። የምክር ቤት አባላት በበጀት ሕጉ ውስጥ ፕሮጀክት በፕሮጀክት ማስጻፍ ጀመሩ፤ የእሳት አደጋ መኪና፣ የኳስ ሜዳ መብራት፣ የአረጋውያን ማዕከል፣ ለቤተ መጻሕፍት ጣሪያ። እነዚህን ማናናቅ ይቀላል፤ ለመንደሩ ሰው የእሳት አደጋ መኪና ቀልድ አይደለም። ግን የእለት እንጀራ ነው፣ ዘር አይደለም። በ2012 በወጣው የሁለት ዓመት በጀት ከብዙ ካውንቲዎች የጋራ ፈንድ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር በሌክሲንግተን ለሚገኘው ሩፕ አሬና የቅርጫት ኳስ አዳራሽ እድሳት ዕቅድ ተመደበ። ሌክሲንግተን ከሰል አይቆፈርባትም። በተራራው ያለ ሰው እስከ ዛሬ ይህን ያነሳል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ድምፅ የለውም። ለካውንቲዎቹ የውኃና የፍሳሽ መስመር ተብሎ ቦንድ ተሸጠ፤ ዕዳውም ከከሰሉ ፈንድ ላይ በቅድሚያ እንዲቆረጥ ተደረገ። ቦንድ ቋሚ ነው፣ የከሰል ግብር ተለዋዋጭ ነው። አንድ ፈንድ በዓመት 30 ሚሊዮን እየገባለት 10 ሚሊዮን ዕዳ ቢኖርበት 20 ይቀረዋል። ገቢው በ60 በመቶ ወርዶ 12 ሲሆን የሚቀረው 2 ነው። ገቢው በ60 በመቶ ቀነሰ፣ የሚከፋፈለው ግን በ90 በመቶ። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የሆነው ግን ይህንኑ ይመስላል። የኬንታኪ የከሰል ማውጫ ግብር በ2012 በጀት ዓመት 298 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በአራት ዓመት ከግማሽ በታች ወረደ፤ በ2021 ከ60 ሚሊዮን በታች ሆነ። በምሥራቁ በ2011 ከ13 ሺህ በላይ የነበረው የከሰል ሠራተኛ በ2016 መጨረሻ ከ4 ሺህ በታች ነበር። ሥራ የሚፈጥር ገንዘብ ከመቼውም በላይ በተፈለገበት ዓመት መሶቡ ባዶ ሆነ። ካውንቲዎች የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኞችን ደመወዝ ሳይቀር በዚህ ገንዘብ ይከፍሉ ስለነበር መጀመሪያ የተሰናበቱት እነሱ ነበሩ።

ግብሩ የተጣለ ሁሉ አይሰበሰብም፤ ይህም ሊታሰብበት ይገባል። በዋዮሚንግ የካውንቲው የምርት ግብር ከሰሉ ከወጣ እስከ 18 ወር ድረስ ዘግይቶ ይከፈል ነበር። ብላክጁወል የተባለው ኩባንያ በሐምሌ 2019 ኪሳራ ሲያውጅ ካምቤል ካውንቲ በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ያልተከፈለ ግብር ይዞ ከሌሎች አበዳሪዎች ጋር ተሰለፈ። በኋላ ሕጉ ተለውጦ ክፍያው በየወሩ ሆነ። ኪሳራ በሚበዛበት ዘርፍ ላይ ግብርን ለአንድ ዓመት ተኩል ማዘግየት ያለ መያዣና ያለ ወለድ ማበደር ነው።

ወደ ሞንታና ልመለስ። በኮልስትሪፕ ከተማ ከአራቱ የከሰል ማመንጫዎች ሁለቱ በጥር 2020 ተዘግተዋል። ከተማዋ በ1924 የባቡር ኩባንያ ለሞተሮቹ ከሰል ሊቆፍርባት የመሠረታት ናት። የመጠጥ ውኃዋ ከየሎውስቶን ወንዝ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ ተገፍቶ ነው የሚመጣው። ቧንቧውና ፓምፑ የማመንጫው ናቸው፤ ከተማዋ ከእሱ ላይ ትቀዳለች። የቀሩት ሁለቱ አንድ ቀን ሲቆሙ ያን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ወጪ በሁለት ሺህ ገደማ ነዋሪ ላይ ይከፋፈላል፤ ያኔ የከተማው ጸሐፊ ቁጭ ብሎ የወር ክፍያውን ከቤተሰብ ገቢው 2.3 በመቶ ጋር ያነጻጽራል፣ ለመሐንዲሱ ጥናት ያመለክታል፣ የጎዶሎውን ዓመት ስብሰባም ይጠብቃል። ገንዘቡ ቢያንስ በቦታው ይኖራል።